ደጃዝማቹና የገዢው መርከብ

ያን ቀን ሳቄን እንዴት እንደቻልኩት የምናውቀው እኔና አንድዬ ብቻ ነን! ጂቡቲ ለፈረንሳዩ ገዢ አስተርጓሚ ነበርኩ። ፈረንሳዮች ወደቡ ላይ የያዙብንን የኢትዮጵያን ጠመንጃ ሊያስለቅቁ አንድ ደጃዝማች ከአዲስ አበባ በባቡር መጡ። ገዢው ሊያስፈራራቸው ፈልጎ የጦር መርከቡ ላይ ጋበዛቸው፤ የእንግሊዝና የጣሊያን ቆንስሎችም ነበሩ። ደጃዝማች መርከቡን ሲያደንቁ ገዢው በአገሩ ወግ ጎንበስ ብሎ፣ «የእርስዎ ነው፣ ክቡርነትዎ» አለ። እኔም እንዳለው ተረጎምኩ።

ደጃዝማች ዘለው ጉንጩን ሳሙት። «ለንጉሠ ነገሥቴ መርከብ ሰጣችሁ! እግዜር ይስጥልን! ቆንስሎቹም ምስክር ይሁኑ!» ቆንስሎቹ ፈረንሳይን ለማሳጣት ሆን ብለው አጨበጨቡ። ገዢው አመድ መሰለ፤ ለወግ ያህል ነው ያልኩት እንዳይል፣ በእነሱ ፊት ፈረንሳይ ሰጥታ ነሳች ሊባል ነው። «በፈጠረህ፣ ሌላ ነገር ይውሰዱ በላቸው» ሲል ጆሮዬ ላይ ተለማመጠኝ። ደጃዝማች ብዙ አንገራግረው፣ «እንግዲህ ላለመቀያየም ያህል፣ ጠመንጃውን ይልቀቅልን» አሉ።

በማግስቱ ሣጥኖቹ ባቡር ላይ ሲጫኑ፣ «ጌታዬ፣ መርከቡን ውሰዱ ቢልዎትስ ኖሮ?» አልኳቸው።

«ኧረ ዝም በል!» አሉ፣ ግራ ቀኙን አይተው። «እዚያ ቆሜ በልቤ ስጸልይ የነበረው፣ እንዳይሰጠኝ ነው። ባሕር ሳይኖረን የት ላቆመው ኖሯል?»