ድምፄን አላስነካም ያለው ሬናቶ

የተከበራችሁ የሳንታ ኦቱሊያ ሰዎች፣ የማዕድን ማኅበራችን ሽማግሌዎች፣ ባልሽን ከላ ፓዝ ድረስ አጅበሽ የመጣሽው እህቴ ግራሲዬላ፣ ባሕር ተሻግረው ከማድሪድ የመጡት ሴኞር ኢግናሲዮ፣ እንደምን ዋላችሁ? ነፋሱ ከባድ ነው፤ ባርኔጣችሁን ያዝ አድርጉ። አላስረዝምም ብል ደግሞ አታምኑኝም።

የማታውቁኝ ካላችሁ፣ ኖርበርታ ቺፓና እባላለሁ። ገበያው በር ላይ ትኩስ የበቆሎ መጠጣችንን፣ አፒ፣ እሸጣለሁ። ፊልም የሠራሁት አንድ ጊዜ ነው፤ ያሠራኝም ይሄ እፊታችን የተኛው ሰው ነው። ሬናቶ ኡሪዮና። አንቱ እንዳልለው ራሱ ከልክሎኛል። «አንቱ ካልሽኝ ካሜራው ይፈራሻል» ብሎኝ ነበር።

እንዴት ተገናኘን? አንድ ማለዳ መሸጫዬ ፊት ተገትሮ፣ ከድስቴ በሚወጣው እንፋሎት እጁን ያሞቃል። ከኋላው ሰው ተሰልፏል። «አንተ ሰውዬ፣ ትጠጣለህ ወይስ ትሞቃለህ?» ብዬ ጮህኩበት። ሌላው ቢሆን ይቀየመኝ ነበር። እሱ «እስቲ እንደገና በዪው» አለኝ። ያበደ መስሎኝ ደገምኩለት። «እንደገና።» ጭልፋውን አነሳሁበት፤ ያን ጊዜ ነው ፊልም እንደሚሠራ የነገረኝ።

እንደገና። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜን ከጠራበት ጊዜ ይልቅ ይቺን ቃል ያለበት ይበልጣል።

የቀብሩን ትዕይንት የቀረጽነው እዚሁ፣ ከዚህ ግንብ አጠገብ ነው። በፊልሙ ባሌ ማዕድን ሲቆፍር ሞቷል። ሳጥኑ መጣ። ዶን ፕላሲዶ፣ እርስዎ ነበሩ ጫፉን ይዘው ያነሱት፤ ወዲያው መልሰው መሬት አስቀመጡት። «ይሄ ባዶ ነው» አሉ። ባዶ ሳጥን እዚህ መቃብር እንደማይገባ፣ ከገባም የሚሞት ሰው እንደሚጠራ ለእናንተ አልነግርም። ከከተማ የመጡት የፊልም ሰዎች ግን አናጢውን ቀለል አድርገህ ሥራው ብለው፣ እንዲሁ አምጥተውት ነበር። አንድም ተሸካሚ ንቅንቅ አልል አለ። ፀሐይዋ እየሸሸች ነው። ድንጋይ እንጨምርበት ቢሉ ሴቶቹ «ድንጋይ ሰው ነው እንዴ? ሰው የለበሰው ይግባበት» አሉ።

ሬናቶ ምን አደረገ? ካፖርቱን አወለቀ። ይሄን ብርድ ታውቁታላችሁ። ያንን ቡናማ ካፖርት አጣጥፎ ሳጥኑ ውስጥ አስተኛና «በሉ፣ አሁን አንሱት» አለ። አሮጊቷ ቶማሳ፣ ነፍሷን ይማርና፣ «አንተ ልጅ፣ የእኛው ሆነህ ቀረህ። ልብስህ ያለበት ትመጣለህ» አለችው። «እመጣለሁ እማማ፣ ብቻ አታቻኩዪኝ» አላት። ያ ሳጥን ከገባ በኋላ ማን ያወጣዋል? ካፖርቱ እዚያው ቀረ። ለምን ላ ፓዝ አልተቀበረም ለምትሉ፣ ምክንያቱ ይኸው ነው። ለግራሲዬላ «ካፖርቴ ወዳለበት ውሰጂኝ» ብሏታል።

ሳጥኑ አጠገብ የምናገረው ትንሽ ነገር ነበር። «ሂድ፤ መብራቱን እኔ አጠፋዋለሁ።» በቃ። እሷን ስል ግን ጉሮሮዬን ጠራርጌ፣ እንደ ሬዲዮ ሴቶች ድምፄን አቀጥነዋለሁ። «እንደገና፣ ኖርበርታ። ጭልፋ ያነሳችብኝ ሴትዮ የት ሄደች?» ይለኛል። በመጨረሻ ተናደድኩና በራሴ ድምፅ፣ እዚህ ቤታችን በምናወራበት ድምፅ አልኩት። እንደገና አላለም። በተዋሰው የፖንቾ ካባ ጫፍ ዓይኑን ጠረገ።

ፊልሙ አለቀ። ያኔ ነው ጣጣው የመጣው። የማድሪድ ሸሪኮቹ አዩትና «የሴትዮዋ ስፓኒሽ አይማርኛ አይማርኛ ይላል፤ በሌላ አገር የሚሰማት የለም። እዚህ ማድሪድ ያለች ተዋናይት ድምፅ ይተካበት» አሉ። ሬናቶ ላ ፓዝ አስጠርቶኝ የሞከሩትን አሳየኝ። ፊቴ አለ። አፌ ይንቀሳቀሳል። የሚወጣው ግን ቅቤ የጠጣ ድምፅ ነው። «ምን ትያለሽ?» አለኝ። እኔ ደግሞ አፈርኩ፤ ዕድሜ ልኬን በአነጋገሬ ሳፍር የኖርኩ ሴት ነኝ። «ይሻላል፣ የእሷ ያምራል» አልኩት።

እንደዚያ ቀን ተቆጥቶ አያውቅም። «ባልሽን እሷ ናት የቀበረችው?» አለኝ። እውነተኛው ባሌም ማዕድን ውስጥ እንደቀረ ያውቃል። ለሸሪኮቹም «ድምፅዋን አላስነካም» ብሎ መለሰላቸው። እነሱም እንግዲያው አናወጣውም አሉ። የስንት ዓመት ልፋቱ ሳጥን ውስጥ ተቆለፈ። ለማን ብሎ? ለአንዲት አፒ ሻጭ ጉሮሮ።

ሳይወጣ በከረመ ጊዜ «እንግዲያው የራሷ ሰዎች ይዩት» ብሎ ማኅበሩ አዳራሽ ውስጥ አሳየን። ነበራችሁ። ከሸሪኮቹም አንዱን፣ ሴኞር ኢግናሲዮን፣ ለምኖ አምጥቷቸው፣ ከኋላ ቆመው ነበር። እኔ ሳጥኑ ላይ «መብራቱን እኔ አጠፋዋለሁ» ስል፣ ቶማሳ ከፊት ወንበር ተነስታ በቋንቋችን በአይማርኛ ሸራውን አናገረችው። ሴኞር ኢግናሲዮ ምን አለች ብለው ጠየቁኝ። «ባሌን ስቀብር እኔም ያልኩት ይሄንኑ ነው አለች» አልኳቸው። በማግስቱ ማለዳ መሸጫዬ መጡ፣ አፒያቸውን ጠጡና «ድምፅዎ ይቆያል» አሉኝ። በዚህ ድምፅ ፊልሙ አገር ላገር ዞረ። ሴኞር ኢግናሲዮ፣ አልተቀየምኩም። አበባ ይዘው እዚህ መቆምዎ ደስ ብሎኛል።

ይህ ሰው ምን ሰጠኝ? ዝና ነው? እኔ አሁንም አፒ ሻጭ ነኝ። ግን ልጄ ከተማ ውስጥ አፏን ስትከፍት አንገቷን አትደፋም። «የእናቴ አነጋገር ነው፣ ሲኒማ ቤት ሄዳችሁ ስሙት» ትላቸዋለች። ግራሲዬላ፣ ባልሽን ለዚህ ሁሉ ጊዜ ስላዋስሽን እናመሰግንሻለን። ዕዳችንን ቆመን ብንውል አንከፍለውም።

ሬናቶ፣ ወንድሜ። ብርዱን አታስብ፤ ካፖርትህ አጠገብህ ነው። ቶማሳም እዚያው ነች፣ ዘገየህ ብላ ትቆጣሃለች። እኔ ይኸው በሰው ሁሉ ፊት በራሴ ድምፅ አወራሁ፣ አላፈርኩም። አንተ አይደለህ ያስተማርከኝ? ዛሬ እንደገና የሚለኝ የለም። ብትለኝማ እስኪመሽ እደግምልህ ነበር። ስለዚህ አንዴ ነው የምለው፤ ስማኝ።

ሂድ፤ መብራቱን እኔ አጠፋዋለሁ።