የጋራዡ በር ጥርስ

(ረፋድ ላይ፣ አያት አካባቢ ባለ ቪላ ጋራዥ ውስጥ። ቴክኒሻኑ ፈለቀ መሰላል ላይ ቆሞ የበሩን ሞተር ፈቷል፤ ባለቤታቸው አቶ ልሳነወርቅ ከሞቱ ሁለት ወር ያልሞላቸው ወይዘሮ ትርንጎ ከታች ቆመዋል።)

ፈለቀ፦ አንድ ቃል ነው የምለምንዎት፣ እትዬ። ለጎረቤቱ «ጥፋቱ የፈለቀ አይደለም» ይበሉልኝ። «በሩን ያበላሸው ፈለቀ ነው» ካሏቸው ወዲህ ሰፈሩ ሲያየኝ ፊቱን ያዞራል፤ ሥራ የሚሰጠኝም ጠፋ።

ትርንጎ፦ መጀመሪያ ምኑ እንደተበላሸ አሳየኝ።

ፈለቀ፦ ይኸው፣ የሞተሩ ጥርስ ነው። ፕላስቲክ ስለሆነ ተበልቶ አልቋል። ሞተሩ ይዞራል፤ ሰንሰለቱን የሚጎትትለት ግን የለም።

ትርንጎ፦ እሱንማ ሰምቼዋለሁ። ጋሼህ ደረቱን ይዞ የኋላ ወንበር ላይ ተጋድሞ፣ እኔ ሪሞቱን ስጫን ሞተሩ ያጉረመርማል። በሩ ንቅንቅ አላለም።

ፈለቀ፦ ነፍስ ይማር።

ትርንጎ፦ በብርድ ልብስ ተሸክመን እስከ አስፋልቱ። ታክሲ እስክናገኝ ከንፈሩ ጠቆረ። መኪናው እዚህ ቆሞ፣ መንዳት የምችለው እኔ እያለሁ።

ፈለቀ፦ ጥርስ ያረጃል፣ እትዬ። ባለፈው ክረምት ጋሼን «ይቀየር» ብያቸው «ገና ይሠራል» አሉኝ። አሁን ያመጣሁት ጠንካራ ነው። የእጄን ዋጋም አልጠይቅም።

ትርንጎ፦ የእጅህን ተወው። ይሄ በር መብራት ሲጠፋ በምን ይከፈታል?

ፈለቀ፦ ያቺን መፍቻ ያቀብሉኝ እስቲ።

ትርንጎ፦ ጠየቅሁህ እኮ።

ፈለቀ፦ አሁን ምን ያደርጋል? ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ።

ትርንጎ፦ ድስት ጥጄ የማለቅሰው እኔ ነኝ። ተናገር።

ፈለቀ፦ ሙት ወቃሽ አያድርጉኝ።

ትርንጎ፦ እንግዲያው ሰፈሩም ፊቱን እንዳዞረ ይኑር።

ፈለቀ፦ እሺ። ገመድ ነበረው፤ እዚህ ጋ የሚንጠለጠል ቀይ ገመድ። ሲስቡት በሩ ከሞተሩ ይላቀቅና በእጅ ይነሳል። እንኳን እርስዎ፣ ሕፃንም ያነሳዋል።

ትርንጎ፦ የት ሄደ?

ፈለቀ፦ ጋሼ «ቁረጠው» አሉኝ። «ስወጣ ሪሞቱን በኪሴ ይዤው እሄዳለሁ፤ እሷ ገመዱን ስባ መኪናውን ይዛ እህቷ ቤት ትውላለች» አሉ። ጉድጓድ ስትምስ አታርቀው፣ ማን እንደሚገባበት አይታወቅም ይባል የለ? የማሱትም እሳቸው፣ የገቡበትም እሳቸው። እኔ ምን በደልኩ? እስካሁን ዝም ያልኩት ስማቸውን ብዬ ነው።

ትርንጎ፦ አሁን ቀለለህ?

ፈለቀ፦ ቀለለኝ። እርስዎም ማወቅ ነበረብዎት።

ትርንጎ፦ አውቃለሁ። ገመዱን የቆረጥክ ዕለት በጓዳው መስኮት አይቻችኋለሁ። እሱ መሰላሉን ይዞልህ፣ አንተ ስትቆርጥ፣ ስትሳሳቁ። የወደቀውን ገመድ ከወለሉ የጠረግሁት እኔ ነኝ። ምን እንደነበር የገባኝ ግን እሱ የታመመ ቀን፣ ሪሞቱን ስጫን ነው።

ፈለቀ፦ ታዲያ እያወቁ ስሜን ለምን አጠፉ?

ትርንጎ፦ ቆርጠህ ስትጨርስ ምሳ አቀረብኩልህ፤ ታስታውሳለህ? እጅህን አስታጠብኩህ። በገዛ ቤቴ እንደተቆለፈብኝ እያወቅህ ጎረስክ፣ «እግዜር ይስጥልኝ» ብለኸኝ ሄድክ።

ፈለቀ፦ ያዘዙኝ እሳቸው ናቸው፣ እትዬ። እኔ ሠራተኛ ነኝ።

ትርንጎ፦ ያዘዘው አፍ አፈር ገብቷል፣ ፈለቀ። የቆረጠው እጅ ግን ይኸው በሕይወት አለ፤ የምወቅሰው ሌላ ማን ቀረኝ?