ጭስ የሌለው ዕረፍት

ልብስ ሰፊው ጋሼ መርፌ ከስፌት ቤቱ ጓሮ፣ ከግንቡ ጥግ ቆመው ሲያጨሱ፣ ነርስ የሆነችው የእህታቸው ልጅ በአቋራጭ ስታልፍ ድንገት ፊት ለፊት ገጠመቻቸው። ሲጋራውን ቶሎ ወደ ኋላቸው ደበቁት። ጭሱ ግን በትከሻቸው ላይ ሽቅብ ይወጣል።

«ደህና ዋሉ አጎቴ? ጀርባዎ እየተቃጠለ መሰለኝ።»

«አንቺ ልጅ፣ ምላስሽን እዚያው ክሊኒክሽ ትተሽው ነይ!» ብለው ሳቁ። ሳቁ ሳል ሆነ፤ ሳሉም እንባቸውን አመጣው።

ነገሩ የሚያስቅ አልነበረም። ባለቤታቸው አስም አለባቸው። በቀደም ሚስትየው ጭሱን ሸሽተው፣ አንዲት ክፉ ቃል ሳይናገሩ ትራሳቸውን ታቅፈው ሳሎን ሶፋው ላይ መተኛት ጀመሩ። ሠላሳ ዓመት ጎን ለጎን ለተኛ ሰው ስድብ ይሻለው ነበር።

«ለምን አይተዉትም?»

«አራት ጊዜ ትቼ አራት ጊዜ ተመለስኩበት። ከረሜላ ስመጥ ጥርሴ አለቀ እንጂ ሲጋራው አላለቀም። ሱስ ነዋ!»

«እሁድ ስንት ያጨሳሉ?»

ጋሼ መርፌ አሰቡ። «እሁድማ… አንድ። እሷም ከምሳ በኋላ።»

«በሥራ ቀንስ?»

«ዘጠኝ፣ ዐሥር።»

«ሱስዎ የእሁድ ዕረፍት አለው ማለት ነዋ! እስኪ ይንገሩኝ፣ ይህቺን አሁን ለምን ለኮሷት?»

«ወገቤ ተይዞ! ከጠዋት ጀምሮ ከስፌት መኪናው አልተነሣሁም።»

«እና ዝም ብለው አይነሡም?»

«ዝም ብሎ መነሣት!» አሉ፣ ስለ ስርቆት የተጠየቁ ይመስል። «እዚህ ቤት ዝም ብሎ የተነሣ ሰነፍ ይባላል። ሊያጨስ የተነሣ ግን ‹ሱሱ ነው፣ ተዉት› ይባልለታል። ያቺን ቁልፍ ሰፊ ታያታለሽ?» በሩ ጋ የቆመችውን ሴት በአገጫቸው አመለከቱ። «አጭሳ አታውቅም። ነፋስ ለመቀበል ስትል ሲጋራ ይዛ ትወጣለች። ያንኑ አንዱን! ሦስት ወሩ ነው።»

መቼስ ሰው ጉድ ነው፤ ደከመኝ ማለት ያሳፍረዋል፣ ሱስ አለብኝ ማለት ግን አያሳፍረውም።

ነርሷ ግን አልሳቀችም። «አጎቴ፣ የደከመው ወገብዎ ነው፤ ያጎረሱት ግን አፍዎን ነው። ከረሜላ ወገብ አያቃናም። በንዴት የሚያጨስ ሰው ለንዴቱ፣ ለጨዋታ የሚያጨስ ለጨዋታው ሌላ መላ ካላበጀ ይመለስበታል። ሰውነትዎ ለምዶ ከሆነ ክሊኒክ ይምጡ፣ የሚያግዝ መድኃኒት አለ። የዕረፍት መድኃኒቱ ግን ዕረፍት ነው።»

«እሱንስ ለአሠሪዬ ማን ይንገርልኝ?»

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። እርስዎው ይንገሯት።»

ሰኞ ረፋድ ላይ ጋሼ መርፌ ባዶ እጃቸውን ወጥተው ግንቡ ጥግ ቆሙ። እጃቸውን የት እንደሚያደርጉት ጠፋቸው። አሠሪያቸው ብቅ አለች።

«ጋሼ፣ ምነው? ሲጋራ ሳይዙ እዚህ ምን ያደርጋሉ?»

የሶፋው ትራስ ትዝ አላቸው።

«እያረፍኩ ነው። ማጨሱን ትቻለሁ፤ ዕረፍቴን ግን አልተውም። ወገቤ አልቻለም።»

ሴትዮዋ ቀረብ አለቻቸው። «ባለፈው ሳምንት የግራውን እጅጌ በቀኝ የገጠሙት ከሰዓት በኋላ ነበር?»

«ወገቤ ከተያዘ በኋላ።»

«ያንን ኮት ስፈታ ዋልኩ እኮ! እንግዲህ ይረፉ። ሁላችሁም በየተራ ዐሥር ዐሥር ደቂቃ ውጡ።»

ቁልፍ ሰፊዋ የሦስት ወሯን ሲጋራ እዚያው ሰብራ ጣለቻት።

ጋሼ መርፌ በአንድ ቀን መልአክ አልሆኑም። በሦስተኛው ሳምንት ከደንበኛ ተጣልተው አንዷን ለኮሱ። ግን ምክንያቷን ስላወቋት፣ በሚቀጥለው ንዴት ግቢውን ሁለት ጊዜ ዞሩት። ሳሉ ቀነሰ፤ እጅጌዎቹም ቦታ ቦታቸውን አወቁ።

አንድ ጠዋት ክሊኒኩ በር ላይ የታጠፈ ነጭ ጋወን ይዘው የእህታቸውን ልጅ ጠበቋት። በልኳ፣ በሁለት ኪስ፣ ስፌቱ ዓይን የማያገኘው።

«አጎቴ፣ ይህ ሁሉ ልፋት ለምን?»

ጋሼ መርፌ ኮሌታዋን እያቃኑላት ጉሮሯቸውን ጠረጉ። በዚህ ጊዜ ግን ሳል አልነበረም።

«ትራሱ ተመልሷል፣ ልጄ።»