ውጭ አገር ያልመሰለው ፏፏቴ

ሚዛን ከተማ ላይ ፎቶ ቤት አለኝ። ሰው ውጭ አገር ያለ መስሎ መነሳት ስለሚወድ፣ ሰሞኑን ኢንተርኔት ላይ «ዘንድሮ ሊጎበኙ የሚገባቸው የዓለም ድንቅ ቦታዎች» ከሚል ዝርዝር አንደኛውን መርጬ፣ አዲስ አበባ በትልቅ ባነር አሳትሜ ግድግዳዬ ላይ ሰቀልኩት። ፏፏቴ፣ ጥቅጥቅ ያለ ደን፣ ጉም። እኔው ራሴ ፊቱ ቆሜ ስንቴ ተነሳሁ!

የመጀመሪያው ደንበኛዬ ከዚሁ ከአቅራቢያችን፣ ከሸዋ ቤንች የመጡ የቡና ገበሬ ነበሩ፤ አዲስ አበባ ለምትማር ልጃቸው ፎቶ ሊልኩ ነው። ኮታቸውን አራግፈው ቆሙና ዞር ብለው ባነሩን አዩት።

«ይሄ ምንድነው ልጄ?»

«ውጭ አገር ነው አባባ። ሰው ባሕር ተሻግሮ ሄዶ የሚያየው ቦታ ነው።»

«እስቲ ጫማዬን እየው» አሉኝ። እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ጭቃ ነው። «ከእንዲህ ያለው ቦታ ነው የመጣሁት። ይሄን ብልክላት ልጄ ‹አባዬ፣ ዛሬም ከቤት አልወጣህም?› ነው የምትለኝ።»

ብለምን፣ ብከራከር፣ ወይ ፍንክች! በመጨረሻ ደጅ ወጥተው፣ አስፋልቱ ዳር የቆመ ባጃጅ ተደግፈው፣ ደረታቸውን ነፍተው ተነሱ።

ሊሄዱ ሲሉ በበሩ ብቅ ብለው ባነሩን አንዴ ገላመጡትና፣ «እነዚያን ባሕር የሚሻገሩትን» አሉኝ፣ «ቦቲ ጫማ አድርጉ በላቸው።»