ሽማግሌዎቹ ከቦይ የወጡ ዕለት

ይኸውላችሁ፣ ልጄ አሎሎ ትወረውራለች፣ ክብደት ታነሳለች፣ በገመድ ጉተታም የመጨረሻውን ጫፍ የምትይዘው እሷ ናት። በሦስቱም ሜዳሊያ አላት። ነገር ግን ባሕር ዳር አትሌት ማለት ሯጭ ነው፤ ጎረቤቱ ሁሉ «በስንት ደቂቃ ገባች?» እያለ ነው የሚጠይቀኝ።

ከመራዊ ሽማግሌዎች ለጋብቻ ሊጠይቋት የመጡ ዕለት ሜዳሊያዎቿን ሳጥን ውስጥ ቆለፍሁና «ልጄ፣ ዛሬ እንኳ ለስለስ በይ፤ እንዳይፈሩሽ» አልኋት። እውነቱን ልናገርና ሽማግሌ የላከባትን ልጅ ወድጀው ነበር፤ እንዳያመልጠን ሰጋሁ። እሷም አንገቷን ደፍታ እጃቸውን አስታጠበች። «ጨዋ ናት» ተባባሉ። ተመስገን አልሁ።

ቀጠሮ ሰጥቻቸው ሲወጡ ግን የተሳፈሩባት ባጃጅ አንድ ጎማዋ ደጃችን ካለው ቦይ ገባ። ሾፌሩ ወርዶ ቢገፋ፣ ቢለማመጣት፣ ወይ ፍንክች! ልጄ አየችኝ። እኔም በዓይኔ «ተይ!» አልኋት። የት ትሰማኛለች! ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ፣ ሽማግሌዎቹ እንደተቀመጡ ባጃጇን በጎኗ ብድግ አድርጋ ጎማውን አስፋልቱ ላይ አሳረፈችው። «በስመ አብ!» ብዬ ፊቴን ሸፈንሁ። በቃ፣ ጋብቻው ፈረሰ አልሁ።

ትልቁ ሽማግሌ ጥምጥማቸውን እያስተካከሉ ራሳቸውን ከባጃጇ ብቅ አደረጉ።

«የልጅቷ እናት፣ እርስዎ መክረው ሊመልሱልን ነበር የተቀጣጠርነው» አሉኝ። «እንግዲህ ልጃችን ይመጥናት እንደሆነ እኛም መክረን እንምጣ!»