ሙሽራ ወሳጇ ፒካፕ

ሀይደር ቧንቧ ውሃ በሚባለው ሰፈር፣ ከቤቱ ደጃፍ፣ በክሪክ ከተነሳችው አሮጌ ፒካፑ ስር በጀርባው ተንጋሎ ብሎን ሲያጠብቅ፣ ሚስቱ ከድጃ የታጠበ ልብስ ተሸክማ ወደ አጥሩ ተጠጋች። ከአጥሩ ማዶ ጎረቤቷ ቢልቂስ ቆማለች። ዕለቱ ሐሙስ ነው። እሁድ የሀይደርና የከድጃ ልጅ ዊዳድ ተድራ ኮምቦልቻ ትወርዳለች። ዊዳድ ገና ሰባት ዓመቷ ሳለ ሀይደር «ስትዳሪ በዚች መኪና ራሴ ነድቼ እወስድሻለሁ» ብሏት ነበር። ስለዚህ ሌላ መኪና እንዳይፈለግ ከልክሎ፣ የአሮጌዋን ፒካፕ የሞተ ሞተር አውርዶ የጭነት መኪና ሞተር ገጥሞላታል።

«ቢልቂስዬ፣ ደህና ዋልሽ? ልጆቹ ደህና ናቸው? አልሐምዱሊላህ። ዛሬስ ፀሐይዋ ጥሩ ወጥታለች፣ ልብሱ ቶሎ ይደርቃል… እኔማ አንድ ሰው ትዝ ብሎኝ ነው። አንቺ አታውቂውም። ቤቱ ወደ ቢስቲማ ነው።»

ሀይደር ቢስቲማ ዘመድ እንኳ የለውም። ግን ስለ ማን እንደሚወራ ወዲያው ገባው።

«ማሻአላህ፣ እጀ ወርቅ ነው። ለትንሽዬ ፒካፕ የጭነት መኪና ሞተር ገጠመላት። ማን ይደፍረዋል ይሄን? አምስት መካኒክ አይሆንም አለው። ደግሞ ሰው አይንቅም፣ አምስቱንም ቁጭ ብሎ አዳምጦ ነው እምቢ ያለው። ሞተሩ ሲገባ ኮፈኑ አልዘጋ አለ። ታዲያ ይጨነቃል? ኮፈኑን አውልቆ ጣለው፣ ሞተር አየር ይወዳል ብሎ። ራዲያተሩ ተፊት ቦታ ሲያጣ ዕቃ መጫኛው ላይ አሰረው። ባትሪውንም እዚያው። አፍንጫዋ ተክብደቱ የተነሳ መሬት መሬት ሲል፣ እንድትመጣጠን ብሎ ተኋላ አራት ጆንያ አሸዋ ጫነባት። ይኸውልሽ፣ ብዙ ዕቃ ልጫን ብሎ ትልቅ ሞተር ገጥሞ፣ አሁን መኪናዋ የምትጭነው ራሷን ነው… ብልሃት አይደል? ተእንግዲህ ዕቃ ጫንልኝ ብሎ የሚያስቸግረው ጎረቤት የለም።»

ሀይደር አሸዋው አራት ሳይሆን ሦስት ጆንያ መሆኑን ሊናገር አፉን ከፈተ። መልሶ ዘጋው። በአሽሙር ሕግ መልስ የሰጠ ሰው እኔ ነኝ ማለቱ ነው።

«ጉልበቷስ ብትይ? ባለፈው ቅዳሜ ቦሩ ሜዳ ድረስ ሊሞክራት ወጣ። ሄደች፣ ወላሂ ሄደች። መቆሙን ነው ያላወቀችበት… ፍሬኑ የድሮው ነዋ። የሰው ገብስ ክምር ውስጥ ገብታ ቆመች። ታዲያ ተዚያ ለማውጣት ማን ቢጠራ ጥሩ ነው? ቅሬ። ለቀብር የሚጠራው ቅሬ። ሰዉ ጋቢውን ደርቦ፣ አካፋውን ይዞ መጣ። ማን ነው የሞተው ሲሉ መኪናዋን አሳያቸው። ምን ያድርጉ? እጃቸውን ለዱዓ ዘርግተው ነበርና ዱዓውን ጨርሰው ገፉለት። እንዲህ የሚከበር ሰው ነው።»

ቢልቂስ በነጠላዋ አፏን ስትሸፍን ሀይደር በመኪናዋ ጎማና ጎማ መሃል አያት። ከድጃ አንድ አንሶላ በዝግታ አሰጣች።

«አሁን ደግሞ እሁድ ልጁን ይድራል አሉ። ሙሽራዋን በዚያችው መኪና ቁልቁል ኮምቦልቻ ሊያወርዳት። የአባት ወግ ማለት ይሄ ነው፣ ቃሉን አይበላም። ልጅቱማ ደስታው አላስበላት ብሎ ሦስት ቀን እህል አልቀመሰችም። ‹እማ፣ ቬሎዬ ላይ ዘይት ይፈናጠቃል?› ብላ ጠየቀች አሉ። እናቷም ‹አብሽሪ፣ ራዲያተሩ ተኋላ ስለሆነ የሚፈናጠቅብሽ ውሃ ነው› አለቻት… ቁልቁለት ለመውረድስ ይሄን የሚያህል ሞተር ምን ይሠራል? ፍሬን ነበር የሚያስፈልገው። ግን ፍሬን ማን ያይለታል? የሚታየው ሞተር ነው፣ ያውም ኮፈን ተሌለ።»

ሀይደር መፍቻውን ደረቱ ላይ አስቀመጠ። ልጁ ሦስት ቀን እህል እንዳልቀመሰች አልሰማም ነበር። የሞተሩን ድምፅ ሲያዳምጥ ሰንብቶ የዊዳድን ድምፅ ረስቶታል። አፈረ፣ ከልቡ አፈረ። ግን ከዚያ ስር በምን ፊቱ ይውጣ?

«የልጅቱ አጎት አሚር መኪናውን አጥቦ፣ እኔ ላድርሳት እያለ ሰንብቷል አሉ። አባትየው እሺ እስኪል ነው የሚጠብቀው። አባት ታለ አባት ይከበራል መቼም… እኔ በበኩሌ ክፉ አልመኝለትም ቢልቂስዬ። አላህ ረጅም ዕድሜ ይስጠው። ጤናውን ያብዛለት። ዓይኑን ያብራለት፣ ጉልበቱን ያጽናለት። እሁድ ጠዋት በዚያች መኪና ተቤቱ ሲነሳ፣ ለልጁ ሰርግ ባይደርስ ለልጅ ልጁ ሰርግ እንኳ ኮምቦልቻ ያድርሰው። አሚን በይ እንጂ… አንተም ተመኪናው ስር ያለኸው፣ አሚን በል። አንተን አይመለከትም፣ ግን ዱዓ ነው።»