ሚኤሶ ላይ የተረሳው ሽማግሌ

(ከቀኑ ሰባት ሰዓት፤ የድሬዳዋ ቁልቁለት የሚጀምርበት ደንገጎ፤ ከአዲስ አበባ ተነስተው ሁለት ቀን በአንድ ሞተር ሳይክል የመጡት ነጂው ጉልላትና ከኋላው የተፈናጠጠው ጓደኛው ምንተስኖት መንገድ ዳር ቆመው ይጨቃጨቃሉ።)

ምንተስኖት፦ አልኩህ፣ አልዋሽም። ሽማግሌ ሆኜ ልጅቷን ልጠይቅልህ ነው የመጣሁት፤ ሽማግሌ ደግሞ አይዋሽም።

ጉልላት፦ አንተ እኮ ሽማግሌ ከሆንክ ገና ሦስት ቀንህ ነው። የጋሽ ዘለቀ ጉልበት ባያብጥ ማን ይልክህ ነበር? ሦስተኛ ሰው ጎደለ፣ አንተ ደግሞ ጢም አለህ።

ምንተስኖት፦ ጢሜ ይበቃል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ የኤፍራታ አባት ፊት እቆማለሁ። ‹የልጁ ጠባይ እንዴት ነው?› ይሉኛል። ምን ልበል?

ጉልላት፦ ‹ታታሪ ነው፣ ሰው አክባሪ ነው፣ መጠጥ አይቀምስም› በል። ቁልቁለቱ ብቻ ነው የቀረን፣ ውጣና እንሂድ።

ምንተስኖት፦ ‹ትናንት ሚኤሶ ላይ ነዳጅ ቀድቶ ሲያበቃ፣ እኔን ሜዳ ላይ ጥሎኝ ሄደ› የሚለውስ?

ጉልላት፦ ጥዬህ አልሄድኩም። ረሳሁህ።

ምንተስኖት፦ ጃንጥላ ይረሳል። እኔ ሰማንያ ሰባት ኪሎ ነኝ፣ ጉሌ።

ጉልላት፦ መውረድህን መች ነገርከኝ?

ምንተስኖት፦ ‹ዞር ብዬ ልምጣ› ስልህ ‹እሺ› ብለኸኛል። ከግራሩ ሥር ስመለስ አቧራህን ነው ያገኘሁት። ሮጥኩ። አንድ ግመል ምን እንደመሰለው እንጃ፣ አብሮኝ ሮጠ።

ጉልላት፦ ሄልሜት አድርጌ ነበራ፣ በምን ልስማህ? ደግሞ መንገዱን ሙሉ አዋርቼሃለሁ እኮ።

ምንተስኖት፦ ማንን?

ጉልላት፦ አንተን። ስለ ትዳር ሳማክርህ ነበር። ፍርሃቴን ሁሉ ዘርግፌ ነገርኩህ። እንደ ትናንት አዳምጠኸኝ አታውቅም።

ምንተስኖት፦ ምን መከርኩህ?

ጉልላት፦ ምንም። አንዴ እንኳ አላቋረጥከኝም። ‹ይሄ ልጅ በሽምግልናው በሰለ› ብዬ ገርሞኝ ነበር።

ምንተስኖት፦ አሥራ ስምንት ኪሎሜትር ለባዶ ወንበር ያወራ ሰው፣ ሚስቱ ቤት መኖር አለመኖሯን በምን ያውቃል? አባት ይህን መስማት የለባቸውም?

ጉልላት፦ አወቅኩ እኮ። የአሰበ ተፈሪን ዳገት ሞተሯ በአራተኛ ማርሽ ወጣችው። አንተን ይዛ በሁለተኛም ታቃስታለች። መጀመሪያ እግዜር የባረካት መስሎኝ አመሰገንኩ። ከዚያ ዞር ብዬ አየሁ።

ምንተስኖት፦ ከምስጋናው በኋላ።

ጉልላት፦ ከምስጋናው በኋላ። ግን ተመለስኩ። እሱን ለምን አትነግራቸውም? ‹ሰው ፍለጋ አሥራ ስምንት ኪሎሜትር የሚመለስ ልጅ ነው› በል። በዚህ ዘመን ተመላሽ ባል ከየት ይገኛል?

ምንተስኖት፦ ሰውየው ጡረታ እስኪወጡ ባቡር የነዱ ናቸው። አንድ ተሳፋሪ ረስተው አያውቁም።

ጉልላት፦ ባቡር ቢረሳም አይመለስም። በዚህ በዚህ እበልጣቸዋለሁ ማለት ነው።

ምንተስኖት፦ ይህንንም ልንገርልህ?

ጉልላት፦ ምንቴ፣ ተው። ወጉ ቢፈቅድልኝ ራሴ ገብቼ እናገር ነበር። ግን ልጅቷ በምትጠየቅበት ቀን አግቢው ደጃፉ ላይ አይታይም፤ እኔ ከዚራ የሚባለው ሰፈር ዛፍ ሥር ነው የምጠብቃችሁ። በአውቶቡስ ከቀደሙን ሁለቱ፣ ጋሽ ወልደየስ ጆሯቸው አይሰማም፤ አጎቴ ደግሞ ሁለት ቃል ከተናገረ እንባው ይቀድመዋል። ያለኝ ምላስ ያንተ ብቻ ነው።

ምንተስኖት፦ ምላስ ካስፈለገህ ስትነሳ መያዝህን ማየት ነበር። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ።

ጉልላት፦ እሺ፣ ልቀም በለኝ፣ እለቅማለሁ። ግን እሷን ካጣሁ ሌላ የለኝም። አራት ዓመት ጠብቃኛለች። ‹አባዬ አንዴ እምቢ ካለ አለቀ› ብላኛለች። አጥፍቻለሁ፣ ይቅር በለኝ።

ምንተስኖት፦ ይህን ቃል ከትናንት ጀምሮ ምን አስዋጠህ?

ጉልላት፦ ትናንትም ብዬው ነበር። ፓስቲህን ስለበላሁብህ ከልቤ ይቅርታ ጠየቅኩህ። አንተ አልነበርክም እንጂ።

ምንተስኖት፦ ፓስቲዬን አንተ ነህ የበላኸው?

ጉልላት፦ ይቅር ያልከኝ መስሎኝ ነበር።

ምንተስኖት፦ ኤዲያ፣ ካንተ ጋር ተጣልቶ መዝለቅም አይቻል። እሺ፣ የሚኤሶውን አላነሳም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤ ኤፍራታ አግብታህ ታጥራው። አሁን ግን ሌላ ጣጣ አለብኝ።

ጉልላት፦ ደግሞ ምን?

ምንተስኖት፦ መቀመጥ አልችልም። መቀመጫዬ ተልጧል። ከቁልቢ እስከዚህ ትከሻህን ይዤ መርገጫው ላይ ቆሜ ነው የመጣሁት።

ጉልላት፦ እኔ እኮ ትከሻዬ ላይ የከበደኝ የጋብቻው ሐሳብ መስሎኝ ነበር።

ምንተስኖት፦ ገና ስንገባ ‹አረፍ በሉ› ይሉናል። ካረፍኩ እጮኻለሁ።

ጉልላት፦ ምን ነካህ፣ ይሄማ በረከት ነው። ሽማግሌ ‹ልጃችንን ሰጥተናል› ሳይባል መች ይቀመጣል? ‹የመጣንበት ጉዳይ ሳይሆንልን አንቀመጥም› ብለህ ድርቅ ነው። ሌላው ለወጉ ይቆማል፤ አንተ ከልብህ ትቆማለህ። ፊትህን አይተው ‹ይህ ሰው ለልጁ እንዴት ቢቆረቆር ነው› ይላሉ።

ምንተስኖት፦ ከሰጡን በኋላስ?

ጉልላት፦ ከዚያማ ቁጭ ብሎ መብላት ነው። ኤፍራታ እንዳለችኝ እናትየው አባቷን አለዝበዋቸዋል። የቀረው የአንድ ሰው መልካም ምስክርነት ነው። እሱን ከሰሙ አምስት ደቂቃም አያቆሟችሁ።

ምንተስኖት፦ አምስት ደቂቃ?

ጉልላት፦ ቢበዛ። ከዚያ እስኪመሽ ከአግዳሚው የሚያስነሳችሁ የለም።

ምንተስኖት፦ አግዳሚ? የእንጨት?

ጉልላት፦ ከባቡር ጣቢያ የመጣ፣ ድንጋይ የሆነ እንጨት።

ምንተስኖት፦ እንግዲያው የሚኤሶውን ሳልነግራቸው አልቀርም፣ ጉሌ። ቢያንስ ሁለት ሰዓት በቁማችን ያከራክረናል።